ሰነድ ለሌለው ሳውንድ ካርድ ድራይቨር መጻፍ

ደብረ ብርሃን ላይ ድምፅ የሚቀዳ ሰው እጅ የሚገባው ሳውንድ ካርድ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ አገልግሎ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ በሁለተኛ እጅ ይገዛል፤ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ብሎ ያመጣዋል። ሲዲው የለም። አምራቹ ያወጣው የመጨረሻ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ዊንዶውስ 7 ላይ ቆሟል። ዕቃው ግን ጤነኛ ነው፤ የማይክ ማጉያውም፣ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕም አልተነኩም። እንዲህ ያለውን ካርድ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና ላይ ማስነሳት ይቻላል። ሰው የሚፈራው የሲ ፕሮግራም ቋንቋውንና ከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ነው፤ ሥራውን የሚበላው ግን አምራቹ ያላወጣውን ሰነድ ከዜሮ መጻፉ ነው። ሰነዱ ከተሟላ ድራይቨሩ አንዳንዴ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

አስቀድሞ ድራይቨር ማስፈለጉን ማረጋገጥ ይገባል። የዩኤስቢ ድምፅ ዕቃዎች የጋራ ደንብ አላቸው፤ የመጀመሪያው እትም በ1998፣ ሁለተኛው በ2006፣ ሦስተኛው በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ደንቡን የተከተለ ካርድ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ የሚባለው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ክፍል) ምንም ሳይጫን ይረከበዋል። ዕቃው ሲሰካ ለኮምፒውተሩ የሚያሳየው ዲስክሪፕተር እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው፦ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው በር እንደሚገባና እንደሚወጣ ይናገራል። የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስዩኤስቢ የሚባል ትእዛዝ ዝርዝር በሚያወጣው አማራጩ፣ በሩት (በአስተዳዳሪ) ፈቃድ አስነሱና የኢንተርፌሱን ክላስ (የዕቃውን ክፍል ዓይነት የሚናገረውን ቁጥር) እዩ። 1 ከሆነ ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ንዑስ ክላስ 1 ሲሆን መቆጣጠሪያ፣ 2 ሲሆን የድምፅ ፍሰት፣ 3 ሲሆን ሚዲ (የኖታ መልእክት) ነው። 255 ካያችሁ አምራቹ የራሱን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

255 ማለት ሁልጊዜ ምስጢር ማለት አይደለም። ክላሱ 255 ሆኖ ውስጡ የሚሄደው ዳታ ተራ ድምፅ የሆነባቸው ካርዶች ብዙ ናቸው፤ ለእነዚህ በከርነሉ የልዩ ሁኔታዎች ሰንጠረዥ ላይ ሃያ ሠላሳ መስመር መጨመር ይበቃል። ሌሎቹ ድምፁን በደንቡ ይልካሉ፣ የውስጥ ሚክሰራቸውን (ድምፆችን የሚያደባልቀውን ክፍል) ግን በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ያዛሉ። የፎከስራይት ስካርሌት ሁለተኛ ትውልድ ከዚህ ወገን ነው፤ ሚክሰሩን የሚያዘው የድራይቨር ክፍል በጂኦፍሪ ቤኔት ተጽፎ በ2019 እ.ኤ.አ. በከርነል 5.4 ገባ። ሦስተኛው ወገን ሲሰካ ባዶ ነው፦ ኮምፒውተሩ ፈርምዌር (የካርዱን የውስጥ ፕሮግራም) እስኪጭንለት ድረስ አንድ መለያ ቁጥር ያሳያል፣ ከተጫነለት በኋላ ራሱን አጥፍቶ በሌላ ቁጥር ይመለሳል። የታስካም ዩኤስ-122ና ዩኤስ-428 እንዲህ ናቸው። ኤልኤስዩኤስቢ ላይ የምታዩት ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ሞዴል ጋር ጨርሶ ካልገጠመ ይህን ጠርጥሩ። ደግሞም አንዳንድ ካርድ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲበራ ወደ ደንቡ የሚመለስበት ስልት አለው፤ የተጠቃሚ መመሪያውን የመጨረሻ ገጾች ሳያነቡ ሥራ መጀመር ጉልበት ማባከን ነው።

ከዚያ ኃይሉ ይፈተሻል። የዩኤስቢ 2 ሶኬት በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው። ከዚያችው ላይ ለኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት የሚያወጣ ካርድ የራሱ ኃይል በሌለው ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ሲሰካ ይወድቃል፤ አወዳደቁም ልክ የድራይቨር ስህተት ይመስላል። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት ዝርዝር) ላይ የሚወጡትን የስህተት ቁጥሮች መለየት እዚህ ይጠቅማል። -71 ብዙውን ጊዜ ኬብል ወይም ኃይል ነው። -110 ዕቃው በጊዜው መልስ አልሰጠም ማለት ነው። -28 በመስመሩ ላይ ቦታ የለም ይላል፤ ምናልባት እዚያው ሃብ ላይ ካሜራ ተሰክቷል። -32 ደግሞ ዕቃው ጥያቄውን ሰምቶ «ይህን አላውቅም» ማለቱ ነው። ለድራይቨር ጸሐፊ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ እምቢ ያለ ዕቃ ቢያንስ እየሰማ ነው። በድምፁ ሥር የሚሰማው ዝቅተኛ የ50 ሄርዝ ጉምጉምታ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ ኮድ ውስጥ አትፈልጉት።

ሰነዱ የሚጻፈው ሽቦው ላይ የሚያልፈውን በማንበብ ነው። የሊኑክስ ከርነል ዩኤስቢሞን የሚባል ሞጁል አለው፤ በሞድፕሮብ ትእዛዝ ሲጫን ዋየርሻርክ በሚባለው የዳታ ማንበቢያ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ኔትወርክ ካርድ ተደርድሮ ይመጣል። ካርዱ የተሰካበትን የባስ (የዩኤስቢ መስመር) ቁጥር ከኤልኤስዩኤስቢ ወስዳችሁ ያንኑ ቁጥር የያዘውን ምረጡ። አሮጌው ዊንዶውስ ከአሮጌው ድራይቨር ጋር ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ይጫናል፣ ካርዱ ወደ ውስጥ ይተላለፍለታል፤ ዊንዶውሱ ትእዛዝ ሲልክ ሊኑክሱ ከውጭ ሆኖ ያደምጣል። በዚህ መንገድ የሚጫወተው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል፤ የሚፈለጉት ትእዛዞቹ ስለሆኑ ችግር የለውም። የድምፅ ፍሰቱን ራሱን ለመያዝ ግን በእውነተኛ ማሽን ላይ ያለ ዊንዶውስና ዩኤስቢፒካፕ የሚባለው መቅጃ ይሻላል።

አቀዳዱ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ በአንድ ፋይል አንድ ለውጥ። አንዱ ፋይል ካርዱ ሲሰካ ያለውን ብቻ ይይዛል። ሌላው የመቆጣጠሪያ መስኮቱ ሲከፈት። ሌላው የናሙና ፍጥነቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ከ44100 ወደ 48000 ሲቀየር፣ ሌላው ሲመለስ። ሌላው የመጀመሪያው ማይክ ድምፅ አንድ እርከን ከፍ ሲል። አምስት ነገር ነካክቶ አንድ ትልቅ ፋይል መያዝ ጊዜ የቆጠበ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን የትኛው ፓኬት (በአንዴ የሚላክ የዳታ ጥቅል) የየትኛው ቁልፍ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ደብተር ላይ ሰዓት ስትጽፉ የኮምፒውተሩን ሰዓት ጻፉ። እኛ 3፡10 የምንለውን ዋየርሻርክ 9፡10 ይለዋል፤ ግማሹ በአበሻ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት የተያዘ ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ለጸሐፊውም አይገባው።

እያንዳንዱ ትእዛዝ በ8 ባይት ይጀምራል። አንዱ ባይት አቅጣጫውንና ለማን እንደሆነ፣ ቀጣዩ የጥያቄውን ቁጥር፣ ሁለት ባይት ዋጋውን፣ ሁለት ባይት አድራሻውን፣ የመጨረሻው ሁለት ተከትሎ የሚመጣውን ዳታ ርዝመት ይናገራሉ። ዋየርሻርክ የሚያሳየው በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ቁጥር) ነው፤ እዚህ ለንባብ እንዲቀል በተራ ቁጥር ልጻፈው። ፍጥነቱ ወደ 48000 ሲቀየር 128፣ 187፣ 0 የሚሉ ሦስት ባይቶች ካያችሁ ጨርሳችኋል፦ ትንሹ ባይት ስለሚቀድም 187 በ256 ተባዝቶ 128 ሲደመርበት 48000 ነው። ለ44100 ደግሞ 68፣ 172፣ 0 ይሆናል። እነዚህን ሁለት ሦስትዮሾች በሄክሳዴሲማል አድርጎ ደብተሩ ሽፋን ላይ መጻፍ ነው፤ ዓይን ከለመዳቸው በኋላ ከሺህ ፓኬት መሃል ራሳቸው ይጠራሉ። በሁለተኛው ደንብ ፍጥነቱ 4 ባይት ይሆንና ለሰዓት ምንጩ ይላካል። የድምፅ መጠን ደግሞ በደንቡ መሠረት የዴሲቤል 1/256 ነው፦ 256 ማለት 1 ዴሲቤል፣ -32768 ማለት ፍጹም ዝምታ። የራሱን መንገድ የሄደ አምራች ግን ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 127 ያለ ተራ ቁጥር ይልካል፤ ከዴሲቤል ጋር የሚያያዘውም መስመር በሌለው ሰንጠረዥ ነው። ያኔ ቁልፉን በየእርከኑ እያንቀሳቀሱ መመዝገብ ብቻ ነው። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭም የለውም።

የድምፅ ዳታውን አደራደር ለማወቅ ሙዚቃ ማጫወት ትርጉም የለውም። ሁሉም ናሙናው አንድ ቋሚ ቁጥር የሆነ የ24-ቢት ፋይል አዘጋጁ፤ ለምሳሌ 1193046። ይህ ቁጥር በባይት ሲበተን 86፣ 52፣ 18 ነው፤ ሦስቱም ስለሚለያዩ ቅደም ተከተላቸው ወዲያው ይታያል። ሽቦው ላይ 86፣ 52፣ 18 ከሆነ በ3 ባይት ትንሹ ይቀድማል። 0፣ 86፣ 52፣ 18 ከሆነ በ4 ባይት ተጭኗል፣ ድምፁም ወደ ላይ ተጠግቷል። 18፣ 52፣ 86 ከሆነ ተገልብጧል። በግራና በቀኝ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ብታደርጉ ደግሞ የቻናሎቹ ቦታ ይለያል። ስፒከሩ መነቀል አለበት፤ ቋሚ ቁጥር ማለት ቋሚ ቮልት ማለት ነው፣ የስፒከር ጥቅልል አይወደውም። የዊንዶውስ ሚክሰርም ቁጥሩን ሊነካካው ስለሚችል ያንን ሚክሰር በሚያልፈው፣ አዚዮ በሚባለው መንገድ አጫውቱ። ባይቶቹ ተገልብጠው የገቡ ጊዜ የሚወጣው ድምፅ በሙሉ ኃይል የሚጮህ ጫጫታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ሄድፎን ጆሮ ላይ አድርጎ የሚያደርግ ሰው ለጆሮው አያስብም።

አብዛኛው ድራይቨር የሚሰናከለው ግን ጊዜው ላይ ነው። የ12 ሜጋቢት ዩኤስቢ በየ1 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል፤ የ480 ሜጋቢቱ ያንን 1 ሚሊሰከንድ ለ8 ይከፍለዋል። በ48000 ፍጥነት በየሚሊሰከንዱ 48 ናሙና ይደርሳል፣ ሒሳቡ እኩል ነው። በ44100 ግን 44.1 ይሆናል፤ የናሙና አንድ አሥረኛ የለም። ስለዚህ ዘጠኝ ፓኬት 44፣ አሥረኛው 45 መሆን አለበት። ሁልጊዜ 44 የሚልክ ድራይቨር በሰከንድ 100 ናሙና ይጎድለዋል፤ ካርዱ የሚያጫውተው ያጣና ድምፁ በእኩል ርቀት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። 48000 ላይ ጥሩ፣ 44100 ላይ ጠቅ የሚል ካርድ ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ይህን እዩ።

ሒሳቡ ተስተካክሎም ሌላ ነገር ይቀራል። የካርዱ ክሪስታልና የኮምፒውተሩ ክሪስታል ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን በ48000 ላይ በሰከንድ 2.4 ናሙና ነው። ካርዱ 96 ናሙና የሚይዝ ትርፍ ቦታ ካለው በ40 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ በየ40 ሰከንዱ አንድ ጠቅታ። አጭር ሙከራ የሚያልፍ፣ ቀረጻ ላይ ግን የሚያዋርድ ስህተት ይህ ነው። ክሪስታል ከሙቀት ጋር ስለሚዛነፍም ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ በእጅ የተስተካከለ ቁጥር ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ይለወጣል። መፍትሔው ካርዱ ራሱ የሚልከውን የፍጥነት መልስ ማንበብ ነው። በዝግተኛው (በ12 ሜጋቢቱ) ዩኤስቢ ይህ መልስ 3 ባይት ነው፤ ቁጥሩን ለ16384 ስታካፍሉት በሚሊሰከንድ የሚፈልገውን ናሙና ይሰጣል። 786432 ከመጣ ልክ 48 ነው፣ 722534 አካባቢ ከሆነ 44.1። በፈጣኑ ዩኤስቢ 4 ባይት ነው፣ የሚካፈለውም ለ65536 ሆኖ ውጤቱ ለ125 ማይክሮሰከንድ ነው፤ በ48000 ላይ 6 ይሆናል። የመልስ በር የሌላቸው ካርዶችም አሉ፤ በማይኩ በኩል የሚመጣው የናሙና ብዛት ራሱ መልስ ይሆናል። እንዲህ ያለው ካርድ ላይ ቀረጻው ሳይጀመር ማጫወቱ አይነሳም፤ አንዳንዶች በር ተሳሳትን ብለው ሙሉ ኮዱን እንደገና ይጽፋሉ። ድራይቨሩ ሁለቱን አብሮ እንዲያስነሳ ማድረግ በቂ ነበር።

ለጠቅታ ፍለጋ በገና አትጠቀሙ። የእንዝራው ዝዝታ ትንሽ ጠቅታን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ጸናጽልም እንዲሁ። ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው የ1000 ሄርዝ ንጹሕ ድምፅ አንድ ሰዓት አጫውቶ በኬብል መልሶ መቅዳትና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ማየት ነው። ጠቅታዎቹ መሃል ያለው ርቀት እኩል ከሆነ የሰዓት ሒሳብ ነው። ያልተስተካከለ ከሆነ የኮምፒውተሩ መዘግየት፣ ሃብ ወይም ኬብል።

አንድ ክልክል አለ። የጥያቄ ቁጥሮቹ 256 ብቻ ስለሆኑ ሁሉንም በተራ እየላኩ መልሱን ማየት ፈታኝ ነው። አታድርጉት። ከእነዚያ አንዱ ፈርምዌሩ የተቀመጠበትን ፍላሽ የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋ ካርድ ደግሞ የሚመለሰው ተከፍቶ በብየዳ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ዊንዶውሱ ሲልከው ያላያችሁትን ትእዛዝ አትላኩ። ፈርምዌሩንም ከአምራቹ ፋይል አውጥቶ ለሌላው ማደል የቅጂ መብት ጉዳይ ነው፤ ድራይቨሩ ተጠቃሚው ራሱ ካለው ፋይል የሚያወጣበትን መንገድ ይስጥ እንጂ ፈርምዌሩን አይያዝ።

ኮዱ ከፓይተን ቋንቋ ቢጀምር ጥሩ ነው። ፓይዩኤስቢ በሚባለው የፓይተን የዩኤስቢ መሣሪያ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ መልሶ መላክ፣ መብራቱ ሲበራ ወይም የውስጥ ሪሌው ጠቅ ሲል ማየት፣ ከዚያ ብቻ ወደ ከርነል መግባት። ሙሉውን የከርነል ምንጭ ከነታሪኩ በሞባይል ዳታ ማውረድ ገንዘብ መጣል ነው፤ የመጨረሻውን እርከን ብቻ የሚያመጣ የጊት (ኮዱን የሚያወርደው መሣሪያ) አማራጭ አለ፣ ከዚያም በታች የዲስትሮው (የሊኑክስ ስርጭቱ) ሄደሮችና የሳውንድ ዩኤስቢ ማውጫው ብቻውን ይበቃሉ። ሞጁሉ ብቻውን ይገነባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። የሊኑክሱ የድምፅ አገልጋይ፣ ፓይፕዋየር ወይም ፐልስኦዲዮ፣ ካርዱን ይዞት ከሆነ ግን ሞጁሉ አልወጣም ይላል፤ አስቀድሞ ማስቆም ነው። የራስን የሥራ ፋይል የያዘ ማሽን ላይ አዲስ ሞጁል አይሞከርም።

አልሳ (የሊኑክስ ከርነል የድምፅ ሥርዓት) ውስጥ ጀማሪን የሚጥል አንድ ቦታ አለ፦ ትሪገር የሚባለው ፈንክሽን። «ጀምር» የሚለው ትእዛዝ እዚያ ስለሚመጣ ለካርዱ የሚላከውም ትእዛዝ እዚያ የሚጻፍ ይመስላል። ግን ትሪገር በተለመደው አሠራር መጠበቅ የማይፈቀድበት ቦታ ነው፣ የዩኤስቢ ቁጥጥር ትእዛዝ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ከርነሉ ይጮኻል፣ ወይም ማሽኑ ቀጥ ይላል። ፍጥነት መቀየርና ካርዱን ማዘጋጀት ፕሪፔር በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ይጠናቀቅ፤ ለትሪገር ፓኬቶቹን ማስነሳትና ማቆም ብቻ ይተዉለት።

ሌላው ዓለም ላይ እምብዛም የማይነካ፣ እኛ ጋ ግን በየቀኑ የሚሠራ የኮድ ክፍል አለ፦ ዕቃው በሥራ መሃል ሲነቀል የሚጠራው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ከግድግዳ ኃይል የሚወስደው የዩኤስቢ ሚክሰር ግን በቀረጻ መሃል ድርግም ይላል። ለከርነሉ ይህ ኬብል ከመንቀል አይለይም። መሃል መንገድ ላይ የነበሩት ፓኬቶች በስህተት ቁጥር ይመለሳሉ፤ -108፣ -104 ወይም -2 ከመጣ መልሶ መላክ የለም። ስህተት ባየ ቁጥር መልሶ የሚልክ ድራይቨር ሎጉን በሺህ መስመር ሞልቶ ማሽኑን ያንቀዋል። ቅደም ተከተሉም አለ፦ መጀመሪያ ካርዱ እንደሄደ ምልክት ይደረጋል፣ ቀጥሎ በመንገድ ላይ ያሉት ፓኬቶች በሙሉ ይሰረዛሉ፣ ከዚያ አልሳ ካርዱ እንደተቋረጠ ይነገረዋል፣ ማኅደረ ትውስታው የሚለቀቀው ግን የቀረጻው ፕሮግራም ሲዘጋው ነው። አልሳ ለዚህ ኤስኤንዲ-ካርድ-ፍሪ-ዌን-ክሎዝድ የሚል ፈንክሽን አለው። ወዲያው ከተለቀቀ ፕሮግራሙ የሌለ ቦታ ይነካና ከርነሉ ይወድቃል፤ ያልተቀመጠ ቀረጻ አብሮ ይሄዳል።

መብራቱ ሲመለስ ሚክሰሩ እንደ አዲስ ዕቃ ይመጣል፤ ፍጥነቱም የድምፅ መጠኑም ወደ ፋብሪካው ቁጥር ተመልሷል። ድራይቨሩ ካርዱ የቀድሞውን እንደያዘ መገመት የለበትም፣ ከካርዱ ያንብብ፤ ካርዱ የማይመልስ ከሆነ ይጻፍለት። ይህን ሁሉ መብራት ኃይልን ሳይጠብቁ መሞከር ይቻላል፦ ሚክሰሩን ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ በቀረጻ መሃል፣ በማጫወት መሃል፣ ፍጥነት በሚቀየርበት ቅጽበት ማጥፋት። የመጨረሻው ከሁሉም ክፉ ነው።

ሥራው ወደ ዋናው ከርነል እንዲገባ ከተፈለገ በጂፒኤል ፈቃድ እትም 2 ሥር ሆኖ፣ በከርነሉ ውስጥ ያለው ቼክፓች የሚባል የኮድ መፈተሻ እንዳያማርር ተደርጎ፣ በራስ ስም ተፈርሞ በኢሜይል ይላካል። የድምፁን ክፍል የሚጠብቀው ታካሺ ኢዋይ ነው። መልእክቱ ላይ ካርዱ ምን እንደሚል፣ ምን እንደተለወጠና በየትኞቹ ፍጥነቶች እንደተሞከረ ይጻፍ፤ የኤልኤስዩኤስቢው ሙሉ ውጤት ቢያያዝ ጥያቄ ይቀንሳል። ከተፈታ የአምራች ኮድ አንድም መስመር መገልበጥ የለበትም፤ ሽቦው ላይ የታየው ይበቃል።

አዲስ ከርነል በየዘጠኝ አሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ኡቡንቱ እስኪደርስበት ግን ረጅም ወራት ያልፋሉ። እስከዚያው ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ሞጁሉን በየከርነል ዝማኔው እንደገና ይገነባል። ለዚህ ኮምፓይለሩና ሄደሮቹ ማሽኑ ላይ መኖር አለባቸው፤ ኢንተርኔት የሌለው የመሐል ሜዳ ማሽን ከሆነ ፓኬጆቹ በፍላሽ ይሄዳሉ፣ ከርነሉም እንዳይዘመን ይያዛል። ሴኪዩር ቡት (ፊርማ የሚፈትሽ የማስነሻ ጥበቃ) የበራበት ላፕቶፕ ያልተፈረመ ሞጁልን አይቀበልም፤ የራስ ቁልፍ ሠርቶ መፈረም ወይም ጥበቃውን ከባዮሱ ማጥፋት ነው፤ «ሞጁሉ ተገንብቷል ግን ካርዱ የለም» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው።